ታጁራ ደጅ ስታስጠና

አልዩ አምባ ያደገ ሰው ስለ ታጁራ ሳይሰማ አያድግም፤ በእኔ ልጅነት ቢያንስ እንዲህ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ቆላው በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ባለችው መንደራችን፣ የአርጎባ ሽማግሌዎች ስለ ባሕር ካወሩ ጅቡቲን አያነሡም። ጅቡቲ ለእነሱ ትናንት የበቀለች ናት። ጨው ከታጁራ፣ ጨርቅ ከታጁራ፣ ጠመንጃ ከታጁራ፣ ፈረንጁም ራሱ ከታጁራ ነበር የሚመጣው።

የሽማግሌዎቹን ወግ ካርታው ይደግፈዋል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከቀይ ባሕር ከሚገናኝበት አጠገብ ውኃው ወደ ምዕራብ ጠልቆ ይገባል። ከዚያ ሰርጥ በስተደቡብ ዛሬ የጅቡቲ ከተማ አለች፤ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በጎዳ ተራሮች ግርጌ፣ ታጁራ ተቀምጣለች። አፋሮች ታጎሪ ይሏታል። ከእሷ የሚነሣው የግመል መንገድ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ በኩል አልፎ፣ የአፋርን በረሃ ሰንጥቆ፣ አዋሽን ተሻግሮ የሚያበቃው አልዩ አምባ ላይ ነው። ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ጭነቱ እኛ ዘንድ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። አንዱ መንገድ ሁለት ጫፍ አለው፤ እኔ የተወለድኩት በደረቁ ጫፍ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መዛግብቱ እንደዚያ ስለሆኑ።)

የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ስም አውሮፓ ሲደርስ ፈረንጆች ታጁራ ላይ ይወርዱ ጀመር። ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ሚሲዮናውያን በ1839 ገቡ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በዚያው ዓመት ተከተለ። በ1841 ካፒቴን ሀሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ፣ ለንጉሡ መድፍና ጠመንጃ አስጭኖ ከኤደን መጣ። በ1842 ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሐኪም መጣና አልዩ አምባ ላይ ቤት ይዞ ከረመ። መንደሬን በመጽሐፍ ያገኘኋት በእሱ ነውና ለጆንስተን እንደማዳላ አስቀድሜ ልናገር።

እነዚህ ሰዎች ታጁራን በደግ አያነሧትም። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ ነገ ይመጣል የተባለው ግመል ከነገ ወዲያ አለመምጣቱ፣ የተቆረጠው ኪራይ ሲነጋ ጨምሮ መገኘቱ፣ ስጦታ ተቀብሎ ሌላ ስጦታ የሚጠይቀው ሹም ሁሉ ተጽፏል። ሀሪስ በተለይ ምላሱ ስለታም ነው፤ ሱልጣኑንም ሳይቀር ይዘልፈዋል። እኔ ግን መጽሐፎቹን ባነበብኩ ቁጥር ከስድቡ ጀርባ የከተማይቱ ዋና ንግድ ይታየኛል። ታጁራ እርሻ አልነበራትም፤ ጀልባ የሚጠጋበት ወደብም አልነበራትም። ሳምቡክ የሚባለው የሸራ ጀልባ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ዕቃው በሰው ትከሻ ይወርዳል። የነበራት የመንገዱ ቁልፍ ነው። ከባሕሩ እስከ አዋሽ ድረስ እያንዳንዱ የአፋር ጎሣ የራሱ ግጦሽና የራሱ የውኃ ጉድጓድ አለው። እንግዳ ሰው የሚያውቀውና የሚዋስለት መሪ ሳይዝ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። ግመሉም ከተማ ውስጥ ታስሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ መልእክተኛ ተልኮ፣ ባለቤቱ ተነግሮት፣ ከግጦሹ ተሰብስቦ ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ ዋጋ አለው።

ሀበሻ ይህ ሊገርመው አይገባም። ሹመት ወይም ፍርድ ፈልጎ በጌታ በር ላይ ክረምት ከበጋ መክረም የኛም ወግ ነበር። ታጁራ ባሕሩ ዳር ሆና ደጅ ታስጠናለች፤ ንጉሡ አንኮበር ላይ ሆነው ያስጠናሉ። ፈረንጁ ሁለቱን በተከታታይ ሲቀምስ ነው የተማረረው። መሪ ይዞ መሄድ ደግሞ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። የሀሪስ ጓድ መሪና ጥበቃ እያለው እንኳ በመንገድ ላይ ሦስት ሰዎቹ በተኙበት በሌሊት ተገድለውበታል።

የከተማይቱ አገዛዝም ከመንገዱ ጠባይ ጋር የሚሄድ ነው። ሱልጣኑ፣ በአፋርኛ ደርደር የሚባለው፣ እና ምክትሉ ከሁለት የተለያዩ ወገኖች ይመጣሉ። ሱልጣኑ ሲሞት ምክትሉ በቦታው ይተካል፤ የሟቹ ወገን ደግሞ የምክትሉን ቦታ ይይዛል። እንዲህ እየተፈራረቁ ይኖራሉ። ለዙፋን ወንድም ወንድሙን አምባ ላይ ሲያስር የኖረበትን ታሪካችንን ሳስብ፣ ይህ ሥርዓት ያስቀናኛል።

ይህን ስል ሱልጣኖቹ ጥበብ ጎድሏቸው አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ በ1840 የገጠማቸውን አልረሳም። እንግሊዞች በሰርጡ አፍ ያሉትን የሙሻ ደሴቶች ከታጁራው ሱልጣን ገዙ። ዋጋው አሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። ሽያጩ በሰነድ የተጻፈ ነው። አንባቢ ሱልጣኑን ከመታዘቡ በፊት ግን ልብ ይበል፤ ደሴቶቹ ውኃ የሌላቸው ኮረትና አሸዋ ናቸው፣ እንግሊዞችም እምብዛም አልተጠቀሙባቸውም።

ስለ ታጁራ ውበት ለማውራት የቸኮለ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ ብዘለው ግፍ ይሆንብኛል። ወደ ባሕሩ ከሚወርደው ሸቀጥ ትርፋማው ሰው ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ልጆች በአልዩ አምባ አጠገብ ባለችው በአብዱረሱል ገበያ ይሸጡና፣ ያን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ታጁራ ላይ ሳምቡክ ይሳፈራሉ፤ ወደ ሞካ፣ ወደ ሁዴይዳ፣ ወደ ጅዳ። የሸዋ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ይበላ ነበር። ስለዚህ ኃጢአቱን ለባሕሩ ዳር ሰዎች ብቻ መስጠት አይቻልም፤ የእኛ መንደር እጇ አለበት። የዘይላው ገዥ አቡበከር ፓሻ፣ እሱም በዘሩ አፋር፣ ከነልጆቹ በዚህ ንግድ የከበረ ሰው ነው። ሸዋ የሚሄድ ፈረንጅ ያለ እሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ይከብደው ነበር። አውሮፓውያኑ ንግዱን በወረቀት ከለከሉ። ከክልከላው በኋላ ግን ልጆቹ በሌሊት ይሳፈሩ ጀመር፤ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይህ ነው።

በ1870ዎቹ ግብፆች መጡ። ስዊሳዊው ሙንዚንገር ለግብፅ አድሮ በ1875 ከታጁራ ጦር ይዞ ወደ አውሳ ተነሣ። በኅዳር ወር አፋሮች በሌሊት ከብበው እሱንና ሚስቱን ጨምሮ አብዛኛውን ጓድ ጨረሱት። የግብፅ ምሽግ ግን ታጁራ ላይ ጥቂት ዓመት ቆየ። በ1884 ፈረንሳዮች ከሱልጣኑ ጋር ተዋውለው የግብፆቹን ቦታ ወረሱ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰው ታሪኩን ከሁሉ በላይ የሚያደምቅልኝ ነው። አርተር ራምቦ፣ የፈረንሳይን ግጥም በአሥራዎቹ ዕድሜው ለውጦ ብዕሩን የጣለው፣ በ1885 መጨረሻ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ወረደ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ከተማይቱን ጥቂት መስጊድና ጥቂት ዘንባባ ያላት የደናክል መንደር አድርጎ ነው የሚገልጻት። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ከአገልግሎት ውጭ ከሆኑ አርባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ፤ እዚያ በሰባትና በስምንት ፍራንክ ተገዝተው ሸዋ ላይ በአርባ ይሸጣሉ ተብሎ ተሰላ። በስሌቱ ውስጥ ያልገባው ታጁራ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት የመሣሪያ ንግዱን አገደ፣ እንደገና ፈቀደ። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ። አብሮት ይሄዳል የተባለው ሶሌዬም በመስከረም 1886 ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት 1886፣ ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ ተነሣ። አራት ወር ተጉዞ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ገና አልተመለሱም ነበር። እንጦጦ ላይ ዋጋው ተቆርጦ፣ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ሁሉ በእሱ ላይ ተቆልሎ፣ ባዶ እጁን ሊባል በሚችል ሁኔታ ወጣ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የገጣሚው መከራ አድርጎ ይተርከዋል። እኔ በሌላ በኩል ነው የማየው። አፋሮቹ የግመል ኪራያቸውን ወሰዱ፣ ምኒልክ ጠመንጃውን በርካሽ አገኙ። በዚህ ሰርጥ በኩል የገባው መሣሪያ ኢጣሊያኖች ራሳቸው በአሰብ ካስገቡትና በኋላም በጅቡቲ ከመጣው ጋር ተደምሮ ነው አድዋ የደረሰው። ከሦስቱ ተደራዳሪዎች የከሰረው አንዱ ብቻ ነበር።

ታጁራን የጣላት ጦርነት አይደለም፣ ባቡር ነው። ፈረንሳዮች ከ1888 ጀምሮ ማዶ ጅቡቲን ይሠሩ ጀመር፤ እዚያ መርከብ የሚያስጠጋ ውኃና ለሐዲድ የሚመች ሜዳ ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ባቡር መሪ አይፈልግም፤ የጎሣ ፈቃድም አይጠይቅም። ምኒልክም አስቀድመው አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ተዛውረዋል። እንዲህ ሆኖ ታጁራና አልዩ አምባ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ምክንያት ከጨዋታ ወጡ። የዛሬው የታጁራ ለዛ የዚህ ውጤት ነው የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ሀብት ያልጎበኘው ከተማ የድሮውን ቤት የሚያፈርስበት ገንዘብ የለውም።

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቼ በጀልባ ስሻገር ከሩቅ መጀመሪያ የታየኝ ነጭነቷ ነው፤ በኖራ የተለሰኑ ቤቶች፣ ከኋላቸው ጥቁር ተራራ። የሰባት መስጊድ ከተማ ይሏታል፤ በመግሪብ ሰዓት አዛኑ ከዚህም ከዚያም ሲቀባበል የተባለው እውነት ይመስላል። ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በዘንባባ ቅጠል ባለ ቀለም ሰሌን ይሠራሉ። ቀትር ላይ ሁሉም ቤቱ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ጫት ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ነፍስ ይዘራል። ከሎግያ የመጣ አማርኛ የሚችል የአፋር ሾፌር አስተርጓሚ ሆኖኝ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀመጥን። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከአንኮበር ነኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ግመል የማይወጣበት አገር» አሉ። ከዚያ በላይ መታወቂያ አላሻኝም።

ከተማይቱ አሁን የክልሏ ዋና ከተማ ናት። ከ1991 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአፋር አማፅያንና በመንግሥት መካከል የተካሄደው ውጊያ አካባቢውን ጎድቶታል። በ2017 አዲስ ወደብ ተመረቀላት፤ በበልሆ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ አስፋልትም ተሠራ። ወደቡ ሲታሰብ የተነገረው የኢትዮጵያን ፖታሽ ሊያስወጣ ነው። ከሰርጡ ወደ ሰሜን፣ በኦቦክ በኩል፣ የወሎና የሐረርጌ ልጆች ዛሬም በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ በየዓመቱም የሚሰጥም ጀልባ አለ። ታጁራ ዳርቻ በእግራቸው ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ማንም አልሸጣቸውም፤ ለመሳፈር ራሳቸው ነው የሚከፍሉት።

ለሥራ ጅቡቲ የምትሄዱ ሰዎች ወደቡን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ማዶ የሚሻገር ጀልባ አለ፤ አንድ ቀን ይበቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። በሰኔና በሐምሌ ከሄዳችሁ ግን ሀሪስ የጻፈውን ስድብ አንድ በአንድ ትደግሙታላችሁ።