ጎርፍ ያመጣው ግንድ

በልጅነቴ ቆቦ ሳለሁ፥ ክረምት ገብቶ በላስታ ተራሮች በኩል ደመናው ሲጠቁር፥ እኛ ልጆች ወደ ሆርማት ወንዝ እንሮጥ ነበር። የምንሮጠው ውሃ ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ጎርፉ ከደጋ ነቅሎ የሚያመጣውን እንጨት ለመያዝ ነው። ውሃው ሲጎድል አስቀድሞ በግንዱ ላይ ድንጋይ ያኖረ ሰው ባለቤቱ ይሆናል። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የጥድ ግንድ ተጣሉ። «እኔ ቀደምሁ» «እኔ ቀደምሁ» ሲባባሉ መሸ፤ ሌሊት ሌላ ጎርፍ መጥቶ ግንዱን ወሰደው። ሰዎቹ ግን ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ይህን ነገር ያስታወሰኝ የአንድ የእንጨት ኩባንያ አለቃ ታሪክ ነው። ወጣቱ አንባቢዬ «የፈረንጅ ነጋዴ ታሪክ ለራያ ልጅ ምን ይረባዋል?» ይል ይሆናል፤ ጥቂት ይታገሠኝ። የአሜሪካውን ታሪክ ዘመን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፍሬድሪክ ዌየርሃውዘር በ1834 በጀርመን አገር፥ በማይንስ ከተማ አጠገብ፥ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ገና ብላቴና ሳለ አባቱ ስለ ሞተ ትምህርቱን ትቶ እርሻ ገባ። በ1852 መርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያም በቢራ ጠማቂ ዘንድ ተቀጠረ፤ ነገር ግን ጠማቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሰካራም ሆነው እንደሚቀሩ ስላየ ሥራውን ተወው። ኋላ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው በሮክ አይላንድ ከተማ በእንጨት መሰንጠቂያ ገባ። በ1857 በአገሩ የገንዘብ ችግር ተነሥቶ አሠሪዎቹ ከሰሩ። ገንዘብ ከሰው እጅ በጠፋበት በዚያ ጊዜ እርሱ ጣውላውን በበሬ፥ በፈረስ፥ በእንቁላል ሳይቀር ይለውጥ ነበር። በ1860 የሚስቱን እኅት ካገባው ከዴንክማን ጋር ሆኖ መሰንጠቂያውን ገዛው፤ ዴንክማን መኪናውን ሲያሠራ እርሱ ግንድ ፍለጋ በጫካ ይዞር ጀመር።

በዚያ ዘመን በዚያ አገር ዛፍ የሚቆረጠው በበረዶ ወራት ነበር። ግንዱ በበረዶው ላይ ተጎትቶ ወንዝ ዳር ይከመር ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ይለቀቅ ነበር። የማን እንደ ሆነ እንዲታወቅም በጫፉ ላይ የባለቤቱ ምልክት በመዶሻ ይመታበት ነበር፤ የእኛ ድንጋይ ማኖር መሆኑ ነው።

በ1880 የቺፐዋ ወንዝ ከልክ በላይ ሞላ። በላይኛው ወንዝ የነበሩት ባለመሰንጠቂያዎች ግንዳቸውን ጎርፍ ወሰደባቸው። ግንዱ የደረሰው በወንዙ መብት ለብዙ ዘመን ከተከራከሯቸው ከታችኞቹ፥ ማለት ከዌየርሃውዘርና ከባልንጀሮቹ ዘንድ ነው። ባላጋራን ለመጣል ከዚህ የተመቸ ቀን አልነበረም። እርሱ ግን የወረደውን ግንድ ለራሱ ወገን አስቀርቶ፥ በምትኩ ገና በላይ የነበረውን የራሳቸውን ግንድ እንዲሰነጥቁ ለላይኞቹ ሰጠ። በዚህም ሁለቱ ወገኖች ታረቁና በኅብረት መሥራት ጀመሩ፤ መሪያቸውም እርሱ ሆነ። ይህ ደግነት ብቻ ነው አልልም፤ የነጋዴ ብልሃትም አለበት። ይሁን እንጂ የሆርማቱን ሁለት ጎረቤታሞች ባሰብሁ ጊዜ ብልሃቱንም አልንቀውም።

በ1900 ከሰሜን ፓሲፊክ የምድር ባቡር ኩባንያ በዋሽንግተን ግዛት 900,000 ኤከር መሬት፥ በእኛ በድሮው ልክ 9,000 ጋሻ ያህል፥ ኤከሩን በ6 ዶላር ከባልንጀሮቹ ጋር ገዛ። ያን ጊዜ ዕድሜው 65 ነበር። «ለእኛም ለልጆቻችንም ሳይሆን ለልጅ ልጆቻችን ነው» ማለቱ ይነገርለታል። የሞተው በ1914 ነው።

እንግዲህ ምስጋናውን እዚህ ላይ አቁሜ ሌላውን ልናገር። ወደ ምዕራብ የተሻገሩት የዊስኮንሲንና የሚኔሶታ ጥድ እያለቀ ስለ ሄደ ነበር፤ ያለቀውም እርሱና መሰሎቹ ስለ ቆረጡት ነው። በኋላቸው ጉቶና የደረቀ ቅርንጫፍ ቀረ። በ1894 በሚኔሶታ፥ በሂንክሊ ከተማ ዙሪያ፥ እንዲህ ያለው ውዳቂ እሳት ይዞ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዌየርሃውዘር ያቋቋመው ኩባንያ አንዱን ደን «የዛፍ እርሻ» ብሎ ሰይሞ፥ እንደ ማሽላ እያበቀሉ የሚያጭዱት መሆኑን ለሕዝብ ያስታወቀው በ1941 ነው፤ እርሱ ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሜሪካኖቹ ደኑ ሲያልቅባቸው የሚሻገሩበት ምዕራብ ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክም አዲስ አበባ እንጨት ባጣች ጊዜ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ገደማ፥ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስላደገ ከተማይቱ ባለችበት ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የራያ ሰው ግን ወዴት ይሻገራል? በምሥራቅ ዞብል ነው፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር በረሃ ነው። የቆላው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል፤ ከደጋ የሚወርደው ደለል ማዳበሪያው ነበር። ተራራው ሲራቆት ግን ጎርፉ አፈሩን ጨርሶ ድንጋይ ያመጣል፤ ድንጋይ ደግሞ ማሳ ያለብሳል። እንጨት ያጣች እናትም ኩበቱንና አገዳውን ታነዳለች፤ ለማሳው ሊመለስ የሚገባው ምድጃ ውስጥ ይቀራል። የአባቴ ቤት ምሰሶ ጥድ ነበር። እኔ ቤት ስሠራ ያቆምሁት በመኪና ከደጋ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው፤ በቦታው ጥድ አልተከልሁም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ባለፈው ክረምት ጎርፉ ሲጎድል ወደ ሆርማት ወርጄ ነበር። ልጆች ዛሬም ይሮጣሉ። አንዱን «ምን አገኘህ?» ብለው፥ «ጋሼ፥ አሸዋ ነው፤ ለግንበኛ እንሸጠዋለን» አለኝ። ከዳር የከመረውን አሳየኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ከላዩ ድንጋይ አኑሮበታል።