ከንድፍ እስከ ድርና ማግ፦ በመካከል የቆመው እጅ



ስለ ዲጂታል የንድፍ መሣሪያዎች ተደራሽነት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዋጋቸው ነው። ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ እንድናስቀድም ያስገድደናል፦ በጥበበኛውና በሥራው መካከል የቆመው ማን ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዦዜፍ ማሪ ዣካር በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ በተበሱ ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ በፊት ሸማኔው የሐር ጥለት ሲያወጣ ድሩን በገመድ እየሳበ የሚያነሣለት ረዳት ያስፈልገው ነበር። ካርዱ ረዳቱን ተካ። ሆኖም የሠዓሊውን ንድፍ በባለካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ የመገልበጡ ሥራ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ በዚያ ላይ የካርድ በሺዎች ሥራ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1839 በሐር የተሸመነው የዣካር ምስል ብቻ 24,000 ያህል ካርዶች ጠይቋል።

በ1960ዎቹ የአይቢኤም ባልደረባ የነበሩት ጃኒስ ሉሪ ይህን የግልበጣ ሥራ ለኮምፒዩተር ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት ጎብኚዎች በብርሃን ብዕር በስክሪን ላይ የሣሉት ንድፍ ተሸምኖ ወጣ። መካከለኛው እጅ ተነሣ፤ መሣሪያው ግን የታላቅ ኩባንያ ንብረት ነበር። ጥበበኛው እንግዳ እንጂ ባለቤት አልሆነም።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በግልጽ ተፈተነ። ብሌንደር የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር የያዘው ኩባንያ ሲዘጋ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል 100,000 ዩሮ ለማሰባሰብ ጥሪ አቀረቡ። ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ሞላ፤ ምንጭ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ነው፤ ንድፉም ሥራውም በአንድ እጅ ናቸው። ኮምፒዩተር አቅርበንለት ንድፉን ለሌላ ባለሙያ ካስረከብን፣ ያልነበረውን መካከለኛ የፈጠርነው እኛው ነን። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሶፍትዌር ከመጻፋቸው በፊት ከሸማኔው ጎን ተቀምጠው ቆጠራውን ይማሩ። መሣሪያው አማርኛም ይሁን ጋሞኛ በሸማኔው ቋንቋ ይናገር፤ የንድፉም ፋይል በሸማኔው እጅ ይቅር።