ኮምፒውተር ሳይመጣ ያወቅነው ቫሪያብል

ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው «ኤክስ እኩል ይሆናል አምስት» ነው። ኤክስ ማነው? ለምን አምስት ሆነ? ብዙው ጀማሪ እዚህ ላይ ይሰለቻል። እኔ ግን ቫሪያብል ለእኛ እንግዳ አይደለም እላለሁ፤ የጎጃም መሪጌታ በቃሉ ሲያሰላው ኖሯል።

እስቲ ከሮብ ገበያ እንነሳ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ያለችው ይህቺ ከተማ ስሟ የገበያ ቀን ነው። እንግዲህ መስከረም 1 ሮብ የሚውለው በየትኛው ዓመት ነው? መልሱ ባሕረ ሐሳብ ውስጥ አለ።

ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለዲሜጥሮስ ይሰጣል። መሠረቱ የሆነው የ19 ዓመት ዑደት ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ከነበረው አቴናዊ ሜቶን ስም ጋር ይያያዛል። ስለዚህ «ሁሉንም እኛ ፈጠርነው» ብለን አንፎክር። የእኛ ሊቃውንት ተቀበሉት፣ በግዕዝ ጻፉት፣ በአብነት ትምህርት ቤት እያስተማሩ አቆዩት። የሒሳብ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ስሌት ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

ስሌቱ ከእናንተ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓመተ ምሕረቱን። ፕሮግራመሮች ይህን «ኢንፑት» ይሉታል። 2018ን እንስጠው።

ዓመተ ዓለም = 5500 + 2018 = 7518
መጠነ ራብዒት = 7518 ለ4 ሲካፈል፣ 1879 (ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመነ ማርቆስ)
ዕለት = 7518 + 1879 ለ7 ሲካፈል፣ ቀሪው 3

ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ሮብ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይቀጥላል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። 2018 ሐሙስ ገባ ማለት ነው። በ2017 ብታሰሉት ቀሪው 2፣ ሮብ! ከዚያ የሚቀጥለው ሮብ 2023 ነው።

ልብ በሉ፤ ዓመቱ ሲቀየር «መጠነ ራብዒት» የሚለው ስም አልተቀየረም፤ የያዘው ቁጥር ነው የተቀየረው። ቫሪያብል ማለት ይኸው ነው።

ባሕረ ሐሳብ ሌሎችም አሉት። ዓመተ ዓለም ለ19 ሲካፈል የሚቀረው መደብ ነው፣ 13። አንድ ሲቀነስለት ወንበር፣ 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ 12። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ፣ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሌታችሁ ተሳስቷል። ፕሮግራሙ መፈተኛውን ይዞ ነው የተወለደው!

ይህን ዛሬ በፓይተን መጻፍ ይቻላል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ስላካተተ፣ ፓይተን 3 «መደብ» የሚባል ቫሪያብል ያለ ምንም ማንገራገር ይቀበላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተጠቃሚ የሚያስገባው ሁሉ የሚደርሰው እንደ ጽሑፍ ነው። 5500 እና 2018 ጽሑፍ ሆነው ቢደመሩ 7518 አይሆኑም፤ 55002018 ይሆናሉ። መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቆጨው። መሪጌታው ፳፻፲፰ ብለው ቢያስገቡ ፓይተን «ይህ ቁጥር አይደለም» ብሎ ይመልሳቸዋል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ሃያ ጊዜ መቶ፣ አሥር፣ ስምንት ተብሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ይህን ወደ 2018 የሚለውጥ ፕሮግራም ሰው መጻፍ አለበት። ስሌቱን ያቆዩልን ሰዎች በራሳቸው አኃዝ እንዲጠይቁት ማድረግ የእኛ ትውልድ ድርሻ ነው። ጀማሪዎች፣ ኤክስን ተዉትና ከዚህ ጀምሩ።