ሳልሞኔላና ቢልሃርዚያ በሳንጃ፦ የተዘነጋው ትስስር

የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳንጃ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ ትገኛለች። ወባ በአካባቢው ነባር ነው፤ ካላዛርም ወደ ሰሊጥ እርሻው በሚጎርፉት የቀን ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ብዙ ሊጠረጠርለት ሲገባ፣ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሚሰማው መልስ በአብዛኛው «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው። ይህ መልስ ለሳንጃ ሕመምተኛ በሁለት በኩል ጎዶሎ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የደም ምርመራውን ይመለከታል። የታይፎይድ መንስኤ የሆነው ታይፊ የሳልሞኔላ ወገን ነው። ወገኑ በ1900 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም በዳንኤል ሳልሞን ስም ተሰየመ፤ ከ2,500 በላይ ሴሮታይፖችም አሉት። ዘንግ መሰልና ግራም ኔጋቲቭ ነው። በውጫዊ ሽፋኑ ላይ ያለው ሞለኪውል ኦ አንቲጅን፣ የሚዋኝበት ጭራ ደግሞ ኤች አንቲጅን ይባላል። ፈርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ምርመራ የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በእነዚህ አንቲጅኖች ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከቀድሞ ሕመም ሊተርፍ፣ በሌላ ሳልሞኔላ ሊቀሰቀስ፣ በወባ ጊዜም ሊታይ ይችላል። የታይፈሱ ዌል-ፌሊክስ ምርመራም ቢሆን የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ አንቲጅን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በተቀዳ ደም ላይ ተመሥርቶ ሁለቱንም በሽታዎች በአንድ ወረቀት ማወጅ፣ በእኔ እምነት፣ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ሁለተኛው ጉድለት የሳንጃን ወንዝ ይመለከታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የአንጀት ቢልሃርዚያ እጅግ ተስፋፍቶ ተገኝቷል። ልጆች በሚዋኙበት፣ ልብስ በሚታጠብበት ውኃ ውስጥ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል፤ ያደገው ትል በአንጀት ደም ሥር ለዓመታት ይኖራል። ሳልሞኔላ በጥቃቅን ፀጉር መሰል አካሎቹ የትሉን ገላ ይጨብጣል፣ በአንጀቱም ውስጥ ይሸሸጋል። አንቲባዮቲክ በደም የሚዘዋወረውን ሲያጠራ፣ ከትሉ ጋር የተጣበቀው ይተርፍና መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይባዛል። በግብፅና በብራዚል ለወራት የሚዘልቅ፣ እየጠፋ የሚመለስ ትኩሳት የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ፣ ትሉ በፕራዚኳንቴል ካልታከመ፣ አንቲባዮቲክ ብቻውን በዘላቂነት ላያድነው ይችላል።

ሳንጃ ላይ ታይፎይድ «ተመለሰብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ከማዘዝ በፊት ሰገራው ለቢልሃርዚያ እንቁላል፣ ደሙ ለወባ መመርመር አለበት። እነዚህ ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ የሚሠሩ ምርመራዎች ናቸው። ሳልሞኔላ መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን የደም ካልቸር ነው፤ እርሱም ቢሆን በተለይ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ብዙ ሕመምተኛ ያመልጠዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ለገጠሩ ባለሙያ ሊያፈራ ነበር። ዛሬ የደም ካልቸርን ወደ ቆላዎቹ ሆስፒታሎች ለማድረስ ዩኒቨርሲቲውና የክልሉ ጤና ቢሮ በጋራ ሊሠሩ ይገባል።