ጣና በለንደን ምክር ቤት

በ1918 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ መንግሥትን የሚያስጠይቅ ክርክር የተደረገው በጣና ዳር ሳይሆን በለንደን ምክር ቤት ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ውል፣ ብሪታኒያና የሱዳን መንግሥት ሳይስማሙ ዓባይን፣ ጣናን ወይም ሶባትን የሚዘጋ ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። ብሪታኒያ ግን በሱዳን ላለው የገዚራ ጥጥ እርሻ ውሃ ስለፈለገች በጣና ላይ ራሷ ግድብ ለመሥራት ተመኘች። በታኅሣሥ 1918 ለንደንና ሮም ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ፦ ጣልያን የጣናውን ግድብ ልትደግፍ፣ ብሪታኒያ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አልፎ ኤርትራን ከጣልያን ሶማሌ የሚያገናኝ የጣልያን ሐዲድ ልትደግፍ። ራስ ተፈሪ በሰኔ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ላኩ። ጉዳዩ በብሪታኒያ ምክር ቤት ሲነሳ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኦስተን ቻምበርሊን ደብዳቤዎቹ ኢትዮጵያን ለማስገደድ እንዳልተጻፉ በይፋ ለመናገር ተገደዱ።

የዚህ ንግግር ዋጋ እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተመዘነም ብዬ አምናለሁ። ያለ አቤቱታው ጥያቄው ያን ያህል ክብደት ባላገኘ ነበር፤ ያለ ምክር ቤቱ ክርክር ግን የሚኒስትሩ ቃል በቢሮ ደብዳቤ ውስጥ ተሸፍኖ በቀረ ነበር። በአደባባይ ከተነገረ በኋላ፣ ጣና በኢትዮጵያ ፈቃድ ብቻ እንደሚነካ የብሪታኒያ መንግሥት የራሱ ቃል ሆነ። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ስለ ግድቡ ከኒው ዮርኩ ጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ሲነጋገሩ ይህ ሥልጣን የማን እንደሆነ አሳዩ።

የሚኒስትር ቃል ለማባበል ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ማስረጃውም ቀላል አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ኢትዮጵያን ለመቆራረስ ተስማሙ። ነገር ግን ምስጢሩ ሲወጣ በተነሳው ቁጣ ሆር በታኅሣሥ 1928 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ክርክሩ የጣልያንን ወረራ አላስቆመም፤ ያስቆማል ማለትም ሐሰት ነው። ያደረገው ነገር ሸፍጥ ዋጋ ሳያስከፍል እንዳያልፍ ማድረግ ነበር።

ይልቅ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ሐይቁ ከፍ ቢል እርሻው የሚጥለቀለቀው የፎገራ ገበሬ፣ የዘጌ ቡና አምራችና የደቅ ደሴት ካህን በዚያ ምክር ቤት እንደራሴ አልነበራቸውም። የራሳችን ምክር ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው፤ የሕግ መምሪያ አባላቱ በሕዝብ እንዲመረጡ የወሰነው ደግሞ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ስለዚህ ቻምበርሊን መልስ የሚሰጡት ከብሪታኒያ መራጭ ለተላከ እንደራሴ ብቻ ነበር፤ ውሃው በሚነካው የጣና ዳር ሰው ስም ተነስቶ የሚጠይቃቸው አልነበረም።