የገለባ አራዊት፤ በኒኢጋታ ገበሬዎችና ተማሪዎች በኅብረት ስለሚያቆሙት ሥራ

የጃፓን ነገር በኢትዮጵያ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የፋብሪካውና የመርከቡ፣ የባቡሩና የትምህርት ቤቱ ታሪክ ነው። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን ካሳተሙ ወዲህ ይህ አስተያየት በተማረው ወገን ዘንድ ሥር ሰዶ ኖሯል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሥልጣኔ የተነሣበት አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ድረስ ገጠሩ በሩዝ እርሻ የሚኖር አገር ነበረ፤ የሩዝ ገበሬውም ኑሮ ከፍሬው ባላነሰ በገለባው የተያዘ ነበረ። ከ2008 ጀምሮ በኒኢጋታ ከተማ ግዛት፣ ኒሺካን በተባለው ወረዳ፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና የአገሬው ሰዎች ከሩዝ ገለባ የሚያቆሟቸው ታላላቅ የአራዊት ምስሎች የዚህ የገለባ ኑሮ የመጨረሻ ምዕራፍ ናቸው ወይስ የሌላ ታሪክ መጀመሪያ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መመርመር ነው። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ገለባ ሲባል የኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። በእኛ አገር ጤፉም ስንዴውም ገብሱም በአውድማ ላይ በበሬ እግር ሲወቃ አገዳው ተሰባብሮ ጭድ ይሆናል። ጭድም ለከብት ቀለብና ለጭቃ ቤት ምርጊት እንጂ ለእጅ ሥራ እምብዛም አይውልም፤ ስለዚህ ሰፌዱና ሙዳዩ በአብዛኛው የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው። የጃፓን ገበሬ ግን ነዶውን በእጁ ይዞ ዛላውን ብቻ ማበጠሪያ በሚመስል ጥርስ መካከል እየሳበ ፍሬውን ያረግፍ ስለ ነበር አገዳው ሳይሰበር ይተርፍለታል። በቋንቋቸው ዋራ የሚሉት ይህ ረጅም አገዳ ነው። እንግዲህ በሁለቱ አገሮች የእጅ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ከሕዝቡ ጠባይ ይልቅ ከአወቃቀሉ ሥርዓት የመጣ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

ከዋራ ያልተሠራ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የመንገደኛው ጫማ፣ የሩዙ መያዣ፣ የጭነቱ ገመድ፣ የቤቱ ምንጣፍ ሁሉ ከእርሱ ነበረ። ሚኖ የሚባለው የዝናም ልብስ የእኛን የደጋ እረኛ ገሳ እጅግ ይመስላል። ታታሚ የተባለው የወለል ምንጣፍ ውስጡ የገለባ ድልድል ነበረ፤ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ክምር ተጠቅጥቆ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ድረስ ይሰፋል። በበረዶው ወራት፣ እርሻው ሲቆም፣ ገበሬው በእሳት ዳር ተቀምጦ አገዳውን በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ ያለሰልሰውና ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገውን ይገምዳል፣ ይታታል። ገመዱም ቢሆን አንድ ዓይነት አልነበረም። ለዕለት ሥራ የሚሆነው ወደ ቀኝ ይገመዳል፤ በሺንቶ ቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚንጠለጠለው ግን በልማድ ወደ ግራ የተገመደ ነው። ገለባው አንድ ሆኖ ሳለ የተቀደሰውን ከዕለቱ የሚለየው እጁ የዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

ከዚህም የተነሣ አውሬንና እንስሳን በገለባ መሥራት በጃፓን አዲስ ነገር አይደለም። በአንዳንድ መንደሮች ታናባታ ለተባለው በዓል የገለባ ፈረስ ይሠራል። በቶክዮ አጠገብ ባለችው በኢቺካዋ፣ ኮኖዳይ በተባለው ሰፈር፣ ነዋሪዎቹ በየዓመቱ ጥር 17 ቀን የገለባ እባቦች ሠርተው በመንደሩ አራት ማዕዘን በዛፍ ላይ ያስሯቸዋል፤ ይህም በሽታና ክፉ ነገር ወሰኑን እንዳያልፍ የሚደረግ ነው። በኒኢጋታ ክፍለ ሀገር በሰኪካዋ ደግሞ ከቀርከሃና ከገለባ የሚሠራው እባብ 82.8 ሜትር ይረዝማል። 54 መንደሮች ሥራውን በየድርሻቸው ተካፍለው ይሠሩታል፤ በነሐሴ መጨረሻ በሚከበረው በዓል ላይም በብዙ መቶ ሰዎች ትከሻ ይዞራል። የቁመቱ ልክ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በነሐሴ 28 ቀን 1967 አገሩን ያጠፋውን ታላቅ ጎርፍ እንዲያስታውስ ወሩና ቀኑ፣ 8 እና 28፣ በሜትር ተጽፈው ነው። በዓሉ ግን የተጀመረው በ1988 ነው። ጥንታዊ የሚመስለው ነገር ሁሉ ጥንታዊ እንዳልሆነ፣ አዲስ በመሆኑም ብቻ ባዶ ነው ሊባል እንደማይገባ ይህ አንድ እባብ በቂ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የገለባው ኑሮ ፈጥኖ ፈረሰ። ገመዱን ናይሎን፣ የዝናሙን ልብስ ፕላስቲክ፣ የታታሚውንም ድልድል ጣውላ መሰል ሰሌዳና አረፋ መሰል ፕላስቲክ ተኩት። ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ግን ማጨዱንና መውቃቱን በአንድ ጊዜ የሚፈጽመው ኮምባይን ነው፤ ይህ መኪና ፍሬውን ለይቶ አገዳውን ቆራርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይበትነዋል። በኒኢጋታ የሩዝ እርሻ ዛሬም በአገሩ ከሁሉ ከሚበልጡት አንዱ ነው። ሩዙ ሳይጎድል ገለባው ጠፋ፤ ገለባው ሲጠፋም እጁ ሥራ ፈታ። የእጅ ዕውቀትን አሟሟት የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የወጣቱን ቸልታ ነው። እዚህ ላይ ግን ወጣቱ ለመማር ቢወድስ እንኳ የሚማርበት ያልተቆረጠ አገዳ ከየት ያገኛል?

ለሥራው ተማሪዎቹን የሚልከው ሙሳሺኖ የተባለው የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1929 ተመሥርቶ በ1962 የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ ያገኘ ሲሆን፣ ዋና ግቢው በቶክዮ ምዕራብ በኮዳይራ ይገኛል። ለሕዝብ ባህል ጥናት ያለው ዋጋ በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከ1965 እስከ 1977 በዚያ ያስተማሩት ሚያሞቶ ጹነኢቺ (1907–1981) የጃፓንን ገጠር በእግራቸው የዞሩ፣ የገበሬውንና የዓሣ አጥማጁን ነገር ከራሱ አፍ ሰምተው የጻፉ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። በ1960 የታተመው «የተረሱት ጃፓናውያን» የተባለው መጽሐፋቸው ዛሬም ይነበባል። እርሳቸውና ተማሪዎቻቸው ከየመንደሩ ከሰበሰቡት የተነሣው የዩኒቨርሲቲው ስብስብ ወደ 90,000 የሚጠጋ የእጅ ሥራ ዕቃ ይዟል፤ የገለባውም ሥራ በዚያ አለ። ነገር ግን በመደርደሪያ ላይ ያለ ጫማ እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተቋጨ ለሚያየው ሁሉ አይናገርም። ዕቃው ተጠብቋል፤ እጁ ግን አብሮት አልተጠበቀም።

የኒሺካን አገር በሺናኖ ወንዝ በተደለደለው በሰፊው የኤቺጎ ሜዳ ላይ፣ በባሕሩ አጠገብ ነው። ሺናኖ 367 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በጃፓን ከሁሉ የሚበልጥ ወንዝ ነው። በ1922 የኦኮዙ መተላለፊያ ቦይ ተከፍቶ ውሃው በአቋራጭ ወደ ባሕር መፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ሜዳው ረግረግ ነበረ፤ ገበሬውም በብዙ ስፍራ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሩዝ ይተክል ነበር። ዛሬ የኒኢጋታ ሩዝ የሚደነቅበት ሜዳ በዚህ ዓይነት ድካም የቀና ነው። ኢዋሙሮ የተባለችው የፍል ውሃ መንደር በ2005 ከኒኢጋታ ከተማ ጋር ስትቀላቀል፣ ከ2007 ጀምሮም የኒሺካን ወረዳ ክፍል ስትሆን፣ ስሟና መልኳ በትልቁ ከተማ ውስጥ እንዳይሰወር ማሰብ አስፈለገ። በ2006 ከሙሳሺኖ ጋር ግንኙነት የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በገለባ መሥራትን ያሳሰቡትም የዩኒቨርሲቲው መምህር ፕሮፌሰር ሚያጂማ ሺንጎ ናቸው። የመጀመሪያው በዓል በ2008 ተደረገ። ምስሎቹ በኋላ የሚቆሙበት ስፍራ ኡዋሰኪጋታ የተባለው መናፈሻ ሆነ፤ ይህም ከፍታው 482 ሜትር በሆነው በካኩዳ ተራራ ሥር፣ በአንድ ጥልቀት የለሽ ሐይቅ ዙሪያ ያለ ነው። ሐይቁ የቀድሞው ረግረግ ቅሬታ ነው።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ በቶክዮ ሳሉ አውሬውን ይነድፋሉ፤ በትንሽ አርአያም ይሠሩታል። ከዚያ በኋላ አፅሙ በእንጨት ይቆማል። የእኛን አገር ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ቋሚውንና ማገሩን አይቶ ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ማገሩ እንደ ጎድን መጉበጡ፣ ቋሚውም እንደ እግር መዘርጋቱ ነው። አፅሙን የሚያለብሰው ቆዳ ቶባ ይባላል። ቶባ ቀድሞ ዝናምና ነፋስ ለመከላከል በቤትና በዕቃ ላይ ይጣል የነበረ የገለባ ልብስ ነው። አገዳው በጥቂት በጥቂቱ እየተጨበጠ በአንድ ወገን በገመድ ይታታል፤ በሌላው ወገን ጫፉ ሳይታሰር ይንዘረፈፋል። ይህንንም የሚያውቁት የአገሬው ሰዎች፣ ይልቁንም ሽማግሌዎቹ፣ አስቀድመው ያዘጋጁታል። በነሐሴ ተማሪዎቹ መጥተው በመንደሩ ይሰነብታሉ፤ ቶባውንም በአፅሙ ላይ እያለበሱ ያስራሉ። ተደራርቦ ሲንጠለጠል በእውነት ጠጉር ይመስላል፤ የዝናም መከላከያ የነበረው ነገር የአውሬ ጎፈር ይሆናል።

በዚህ መካከል የሚሆነው ነገር ለጥናት ከምስሉ ይልቅ ይጠቅማል። የሥነ ጥበብ ተማሪው የትከሻውን ጉብታና የአንገቱን አዟዟር ያውቃል፤ ገለባ ግን ከታሰረ በኋላ እየደረቀ እንደሚላላ፣ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት፣ የትኛው አገዳ እንደሚታጠፍና የትኛው እንደሚሰበር የሚያውቀው ገበሬው ነው። የማሰሩን ሥራ በቃል ማስተማር አይቻልም፤ አንዱ እያየ አንዱ ያስራል፣ ያልጠበቀውም ይፈታል። በቶክዮ ትምህርት ቤት ፈራጁ መምህሩ ነበረ፤ በመናፈሻው ውስጥ ግን ፈራጆቹ ሁለት ሆኑ።

የተመረጡት አራዊትም ሊታሰቡ ይገባል። ፈረሱና እባቡ የመንደሩ ነበሩ፤ አንዱ በሬትና በመንገድ፣ አንዱም በውሃ ዳር ይታወቃል። ተማሪዎቹ ያመጧቸው ግን አንበሳ፣ ጎሪላ፣ አውራሪስ፣ አዞ፣ ከምድር ከጠፉም ዘመናት የሆናቸው ማሞትና ዳይኖሰር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በኤቺጎ ገበሬ ተረት ውስጥ ስፍራ ያለው የለም። ምስሎቹ በሽታ አይከለክሉም፤ ጎርፍ አያስታውሱም፤ ወደ ግራ የተገመደ ገመድም አይፈልጉም። ሕፃናት በእግራቸው መካከል ይሮጣሉ፤ ጎብኚው ፎቶግራፍ ያነሣል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ይህ ባህል አይደለም፣ የቱሪስት ጨዋታ ነው ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ የሚለው ሰው የባህልን ትርጉም በዓላማው ብቻ ይመዝናል። ዓላማው ተለውጦ አሠራሩ ሲቀር ምን ይባላል? የሰኪካዋ እባብ ዓላማው ለመረዳት ቀላል ስለ ሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ የኒሺካን ጎሪላ ግን ያንኑ ገለባ በዚያው ክፍለ ሀገር ለብሶ ሳለ ይጠረጠራል።

ትክክለኛው ነቀፌታ ሌላ ነው። የገለባ ሥራ ብዙ ዓይነት ነበረ፤ ጫማው አንድ ጥበብ፣ የሩዙ መያዣ ሌላ ጥበብ፣ ገመዱም እንዲሁ ሌላ ነው። አውሬው ከእነዚህ ሁሉ አብልጦ የሚጠይቀው ቶባውን ነው። እንግዲህ በዓሉ የሚያድነው የዛፉን አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ያም ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ሸካራው ነው። ደግሞም የሥራው ስም በሩቅ አገር ሲነሣ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ቶባውን የታታው እጅ በፎቶግራፉ ውስጥ አይታይም። የአንድ ሥራ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ነዳፊውን አስቀድሞ መጥራት የከተማ ልማድ ነው። በዚህ ሥራ ግን ልማዱ ፍርድን ያዛባል፤ ንድፉ ቢለወጥ አውሬው ሌላ አውሬ ይሆናል፣ ቶባው ቢቀር ግን የሚቆም ነገር የለም።

ለዚህ ሁሉ ማካካሻ የሚሆነው የገለባው ደካማነት ነው። ነሐስ ወይም ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቹ በ2008 ሠርተው፣ አስመርቀው፣ በዚያው በቀረ ነበር። ገለባ ግን ዝናም ይመታዋል፣ ነፋስ ያሳሳዋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ቆይቶ ይፈርሳል። ሌላ አውሬ የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ቶባ መታታት አለበት፤ ለመታታትም የሚያውቅ ሰው መጠራት፣ የማያውቅም አጠገቡ መቀመጥ አለበት። በኮዳይራ ያሉት 90,000 ዕቃዎች አንድ ጊዜ ተሠርተው ለሁልጊዜ የተቀመጡ ናቸው፤ የኒሺካን አራዊት ግን በየዓመቱ ስለሚጠፉ በየዓመቱ ሰውን ይሰበስባሉ።

አራዊቱ በመናፈሻው ቆመው ሳሉ በዙሪያቸው ያለው ማሳ ይታጨዳል። የሩዙ አጨዳ ወራት መስከረም ነው፤ በነሐሴ የተሠራው ምስል የለበሰውም ያለፈው ዓመት ገለባ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ የዘንድሮውን አንበሳ እየጎበኘ ሳለ የመጪው ዓመት አውሬ ቆዳ ገና በማሳው ላይ ቆሟል፤ ኮምባይኑ ከመግባቱ በፊትም የትኛው ማሳ አገዳው ሳይቆረጥ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ደርቆ እንደሚቀመጥ መወሰን ያስፈልጋል።