በመሣሪያ የሚደረግ እሽት፦ ወጌሻንና የእሽት ባለሙያን ማሰልጠን

በመሣሪያ የሚደረግ እሽት ማለት ቆዳን በቅባት አለስልሶ፣ ጠርዙ በተሞረደ የብረት ወይም የፕላስቲክ መሣሪያ ጡንቻንና ጅማትን ደጋግሞ መፋቅ ነው። ጉዋ ሻ የተባለው የቻይና ልማድ በቀንድ ወይም በሳንቲም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። በስፖርት ሕክምና የሚታወቀው ግራስተን ደግሞ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ ዘዴ ነው።

በእብናትም ሆነ በሌላው የደቡብ ጎንደር ገጠር እግሩን ወለም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው በቅቤ ያሻል፣ ይጎትታል፣ በቀርከሃ ያስራል። ስለዚህ እሽትን የሚመለከት ማንኛውም ስልጠና ወጌሻውን ትቶ ከተማ ያለውን የማሳጅ ባለሙያ ብቻ ቢይዝ ብዙ ሰው አይጠቅምም።

ይጠቅማል ወይ?

በመጠኑ። ጥናቶች በተሻለ የሚደግፉት የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ ለአጭር ጊዜ እንደሚያሻሽል ነው። ለወራት በቆየ የተረከዝ ወይም የክርን ጅማት ሕመም የሚጠቀሙበት ባለሙያዎች አሉ፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም፣ ከማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጋር ካልተጣመረም ብቻውን ብዙ አይጠበቅበትም። «የተቋጠረ ደም ያወጣል» የሚባለው ስህተት ነው። ከእሽቱ በኋላ ቆዳ ላይ የሚታየው ቅላትና ብልዝ ትንንሽ የደም ሥሮች መበጠሳቸውን እንጂ በሽታ መውጣቱን አያሳይም። ብልዝ እስኪወጣ የሚፋቅ ባለሙያ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም።

ስልጠናው ከምን ይጀምር?

በውጭ አገር ይህ ኮርስ የጥቂት ቀናት ነው፤ የሚሰጠው ግን የሰውነት አሠራርን አስቀድመው ለተማሩ ባለሙያዎች ነው። እኛ ጋ ይህን መሠረት የሚያስጨብጠው፣ ለምሳሌ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ነው። መሣሪያውን ብቻ ገዝቶ ቪዲዮ እያዩ መለማመድ ስልጠና አይባልም። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የማውለው መሣሪያ ሳይነካ፣ የማይታሸውን በማስለየት ነው።

አዲስ ስብራት ወይም ውልቃት አይታሽም። ክርን ከተጎዳ በኋላ በኃይል ማሸት ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅልና ክርኑ እንዳይታጠፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በተለይ ልጅ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ክርኑ ካበጠ ራጅ ሳይነሳ ማንም አይንካው። አንድ ባት ብቻ አብጦ የሚሞቅና የሚያም ከሆነ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ቢታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ ለምሳሌ የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው ሰዎች፣ በመሣሪያ አይፋቁም። የስኳር ሕመም ያደነዘዘው እግርም እንዲሁ፣ ቆዳው ሲጎዳ አይሰማውምና። ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ እንጂ እሽት አይፈልግም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለወጌሻዎች ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይሆናል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት እንዳሳየው ወጌሻዎች የአንድ ቀን ስልጠና ከተሰጣቸው በኋላ ጠብቆ በመታሰር ምክንያት በጋንግሪን የሚቆረጥ እጅና እግር ቀንሷል። የተማሩት አዲስ ጥበብ ሳይሆን አላልቶ ማሰርንና በጊዜ ወደ ሆስፒታል መላክን ነበር። ሰው ወጌሻውን ስለሚያምነው «ይህን እኔ አልነካም፣ ሐኪም ይየው» ቢል ይሰማዋል።

የመሣሪያው ንጽሕና

ፍቆሽ ቆዳን ሊልጥ ስለሚችል መሣሪያው ከሰው ወደ ሰው ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በ0.5 ፐርሰንት የበረኪና ውሃ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ በረኪናው 5 ፐርሰንት ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ይቀቀላል። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ የደጋ ሰው የተለመደውን 20 ደቂቃ ቢያስረዝም እንጂ አያሳጥር። ደም የነካው መሣሪያ ግን ጤና ተቋም ወስዶ በእንፋሎት ማምከን ይሻላል።

ታሽተው ወይም ታስረው ከሆነ

ጣትዎ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ጣትዎን ሌላ ሰው ሲዘረጋው ሕመሙ የማይቻል ከሆነ ማሰሪያውን ወዲያውኑ ይፍቱት። ወጌሻው እስኪመጣ፣ እስኪነጋም አይጠብቁ። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ይላካሉ።